ጎማው ሲንቀሳቀስ የሚጀምር ደመወዝ

ሚላን አቅራቢያ፣ ቤርጋሞ ከተማ ጥግ፣ ኦሪዮ አል ሴሪዮ በሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ መንገደኛ የማይገባባት አንዲት ክፍል ነበረች። ኮምፒውተሮች፣ ስልኮች፣ የሠራተኞችና የበረራ ሰነድ የተደረደረባቸው መደርደሪያዎች፣ አንድ ተቆጣጣሪ። የራያንኤር የበረራ አስተናጋጆች ፈረቃቸውን ከመጀመራቸው በፊት እዚያ ገብተው መገኘታቸውን ያስመዘግቡ፣ የዕለቱን መመሪያ ይቀበሉ ነበር፤ ሲመለሱ ሪፖርት ይሞሉ፣ ከደብሊን ዋና መሥሪያ ቤት ጋር ይገናኙ ነበር። በጤና ምክንያት ለጊዜው መብረር ያልቻለ ሠራተኛ የሚመደበውም እዚያው ነበር። ማናቸውም ቢሆኑ ከዚህች ክፍል ከአንድ ሰዓት መንገድ በላይ ርቀው መኖር አይችሉም ነበር። በቀን የሚያሳልፉባት ግን 45 ደቂቃ ብቻ ነበር። ቀሪው ጊዜ አየርላንድ ውስጥ በተመዘገበ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ያልፍ ነበር።

እነዚህ 45 ደቂቃዎች የብዙ ዓመት ሙግት አስነሡ። የጣሊያን ብሔራዊ የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም ተቆጣጣሪዎችን ልኮ ካጣራ በኋላ፣ እዚያ የተመደቡ 219 ሠራተኞች የጡረታና የዋስትና መዋጮ በጣሊያን ሕግ ሊከፈልላቸው ይገባ ነበር አለ። አየር መንገዱ ደግሞ ሠራተኞቹ በአየርላንድ ሕግ የሚተዳደሩ ናቸው፣ መዋጮውም የሚከፈለው እዚያው ነው ሲል ተከራከረ። ጉዳዩ ከቤርጋሞ ተነሥቶ፣ በብሬሻ ይግባኝ ሰሚና በሮም ሰበር በኩል አልፎ፣ ሉክሰምበርግ ካለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በሜይ 19 ቀን 2022 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰጠው ፍርድ፣ ከአየርላንድ የተሰጠ የዋስትና ምስክር ወረቀት የማይሸፍናቸው ሠራተኞች የጣሊያን ሕግ ሊመለከታቸው እንደሚችል አስረዳ። ያቺ ጠባብ ክፍል በሕግ ፊት የኩባንያው ቋሚ ቅርንጫፍ ሆነች።

ስለ ርካሽ አየር መንገድ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሡት ነዳጅ፣ ከከተማ የራቁ አውሮፕላን ማረፊያዎችና የሻንጣ ክፍያ ናቸው። እውነት ነው፣ ሁሉም ዋጋ ይቀንሳሉ። እኔ ግን ከእነዚህ በፊት የሚመጡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ ባይ ነኝ፦ የዚህች አስተናጋጅ የሥራ ቦታ የት ነው? ሥራዋስ የሚጀምረው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ራያንኤር ለሁለቱም የራሱን መልስ ሰጥቶ ነው ያደገው። ላለፉት 20 ዓመታት በፍርድ ቤትና በአድማ ሜዳ የተካሄደው ትግልም መልሶቹን ለማስቀየር ነው።

ጉዳዩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። ሮም፣ ቦሎኛ፣ ፍራንክፈርት ወይም ለንደን የሚኖር ሐበሻ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለለቅሶ ከአንዱ የአውሮፓ ከተማ ወደ ሌላው ሲሮጥ በዚህ አየር መንገድ ሳይሳፈር አይቀርም። እስከ ማርች 2025 ባለው የበጀት ዓመት 200 ሚሊዮን መንገደኞችን አጓጉዟል፤ በአውሮፓ ይህን ቁጥር በአንድ ዓመት የነካ ሌላ አየር መንገድ አልነበረም። አማካይ የትኬት ዋጋው 46 ዩሮ ገደማ፣ የተጣራ ትርፉ 1.6 ቢሊዮን ዩሮ ነበር።

አንድ የማለዳ ፈረቃ እንከተል። የመጀመሪያው በረራ ጠዋት 12፡30 ላይ ይነሣል እንበል። አስተናጋጇ 11፡45 ላይ መገኘት አለባት። ለዚህም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትነቃለች። ጸጉሯን ትሰበስባለች፣ ትኳኳላለች፣ ቀኑን ሙሉ የምትበላውን ምሳ በዕቃ ትቋጥራለች፤ ኩባንያው ሠራተኛውን አይመግብም። አውቶቡስ ገና ካልተነሣ ከባልደረቦቿ ጋር ታክሲ ትጋራለች። ፍተሻ አልፋ ክፍሏ ትገባለች፣ መመሪያ ትሰማለች፣ አውሮፕላኑ ላይ ወጥታ የእሳት ማጥፊያውን፣ የኦክስጅን ጠርሙሱን፣ በሮቹን ትፈትሻለች። ከዚያ መንገደኛው ይመጣል። ሻንጣዬ ይገባል አይገባም፣ መቀመጫዬ ከልጄ ተለየ፣ ውሃ አለ ወይ። ለአስተናጋጅ የቀኑ አድካሚ ግማሽ ሰዓት ይኸው ነው። በሮቹ ይዘጋሉ። ከጎማው ሥር ያለው ማገጃ ይነሣል፣ አውሮፕላኑ ይነቃነቃል።

ደመወዙ መቆጠር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በሙያው ቋንቋ ይህ ብሎክ ሰዓት ይባላል። አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነቃንቆ መዳረሻው ላይ እስኪቆም ያለው ጊዜ ነው። የራያንኤር አስተናጋጆች ገቢ በአመዛኙ መሠረታዊ ደመወዝ ከሚባለው ትንሽ ክፍል፣ በመርሐ ግብር ከተያዘው የብሎክ ሰዓት ክፍያና ከሽያጭ ኮሚሽን የተገጣጠመ ነው። በቆዩት የኤጀንሲ ውሎች ላይ መሠረታዊው ክፍል ጭራሽ አልነበረም። አሁን እናስላ። እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጁ አራት በረራዎች ስድስት የብሎክ ሰዓት ይሆናሉ። ቅድመ ዝግጅቱን 45 ደቂቃ፣ በየመሐሉ ያሉትን ሦስት የ25 ደቂቃ መመላለሻዎች፣ መጨረሻ ላይ ሒሳብ ለማስረከብና ሪፖርት ለመሙላት ግማሽ ሰዓት ስንጨምር ሥራው ስምንት ሰዓት ተኩል ደረሰ። ሁለት ሰዓት ተኩሉ በብሎክ አይቆጠርም። የሚኒባስ ረዳት የቀን አበል ታክሲው ሲጭንና ሲያወርድ የቆመበት ተቀንሶ ቢሰጠው ምን እንደሚል መገመት አያቅትም።

አየር መንገዱ ለዚህ መልስ አለው። የሰዓቱ ዋጋ ሲተመን መሬት ላይ ያለው ሥራ ታስቦበታል ይላል። አስተናጋጆቹ በዓመት እስከ 40,000 ዩሮ ድረስ እንደሚያገኙ፣ አምስት ቀን ሠርተው ሦስት ቀን እንደሚያርፉ፣ ይህም በየሳምንቱ ረጅም የበዓል ዕረፍት እንደማግኘት መሆኑን በተደጋጋሚ ገልጿል። በአውሮፓ ሕግ ማንም የበረራ ሠራተኛ በአንድ ዓመት ከ900 ሰዓት በላይ መብረር አይችልም፤ ለሳምንታት ሲካፈል ከ18 ሰዓት በታች ነው። ሲሰሙት የሚያስቀና ሥራ ነው። ግን ያ 900 ሰዓት ራሱ የብሎክ ሰዓት ነው። ያው ሕግ ጠቅላላውን የሥራ ጊዜ የሚፈቅደው በሰባት ቀን እስከ 60፣ በ28 ቀን እስከ 190 ሰዓት ነው። «እስከ 40,000» በሚለው ውስጥም ብዙ ነገር የተሸከመችው «እስከ» ናት። ያን ያህል የሚያገኘው የረጅም ጊዜ ልምድ ያለው የካቢን ኃላፊ እንጂ ትናንት የተቀጠረች የ20 ዓመት ልጅ አይደለችም።

ሌላም አለ። የብሎክ ሰዓት ክፍያ ከበረራው ብዛት ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። በጁላይና በኦገስት አውሮፓ ሁሉ ወደ ባሕር ዳርቻ ሲጎርፍ ሰዓቱ ይሞላል፣ ኪሱም ትንሽ ይሞላል። ኖቬምበር ሲገባ በረራ ይቀንሳል፣ ብርዱም ደመወዙም አብረው ይወርዳሉ። የቤት ኪራይ ግን የብሎክ ሰዓት አያውቅም። ለዚህ ነው በብዙ ቤዝ፣ ማለትም አውሮፕላንና ሠራተኛ በቋሚነት በሚመደቡበት መነሻ ጣቢያ፣ ያሉ አስተናጋጆች አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ አንድ አፓርታማ ለሦስትና ለአራት የሚከራዩት። አንዷ ከፖርቱጋል፣ አንዷ ከፖላንድ፣ አንዱ ከደቡብ ጣሊያን፤ ፈረቃቸው ስለሚለያይ እርስ በርስ የሚተያዩት አልፎ አልፎ ነው።

በዚህ መሐል ሽያጩ አለ። ሳንድዊች፣ ሽቶ፣ ቡና፣ የሚፋቅ ሎተሪ። መንገደኛው ዓይኑን ጨፍኖ እንቅልፍ እየፈለገ ድምፅ ማጉያው ስለ ሎተሪው ይጮኻል። ብዙዎቻችን ተበሳጭተናል። ነገር ግን እስከ ማርች 2025 ባለው የበጀት ዓመት ከአየር መንገዱ 14 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ጠቅላላ ገቢ 4.7 ቢሊዮኑ የመጣው ከትኬት ውጪ ከሆነ ክፍያ ነው፦ ከሻንጣ፣ ከመቀመጫ ምርጫ፣ አውሮፕላን ውስጥ ከሚሸጠው ሁሉ። አስተናጋጇም ከሸጠችው ላይ ኮሚሽን አላት፤ ያልሸጠች ደግሞ ለምን እንዳልሸጠች ትጠየቃለች። መንገደኛው ሲወርድ ጓንት አጥልቃ ቆሻሻውን የምትሰበስበውም እሷው ናት። መቀመጫዎቹ ኪስ የሌላቸው፣ የደኅንነት መመሪያው ከፊት ወንበር ጀርባ ላይ የተለጠፈው፣ በ25 ደቂቃ ውስጥ አጽድቶ ለመነሣት እንዲመች ነው።

ከሳንድዊቹ ጀርባ የምንረሳው ነገር፣ እሷ እዚያ የተገኘችው ለሻይና ለቡና አለመሆኑን ነው። የአውሮፓ የአቪዬሽን ደንብ ለየ50 መቀመጫው አንድ የሠለጠነ አስተናጋጅ ያስገድዳል። አንድ የአውሮፕላን ዓይነት ፈቃድ ለማግኘት፣ ከመውጫዎቹ ግማሹ ተዘግተው እንኳ መንገደኛው ሁሉ በ90 ሴኮንድ መውጣት እንደሚችል መረጋገጥ አለበት። ያንን የሚያስፈጽሙት እነሱ ናቸው። ራያንኤር ለራሱ ያሠራው 737 8-200 አውሮፕላን 197 መቀመጫ አለው። ለምን ከ200 አላለፈም ቢሉ፣ 201ኛው መቀመጫ አምስተኛ አስተናጋጅ ይጠይቃል። 197ቱን አራት ሰው ይችለዋል።

ኩባንያው ሲጀምር እንዲህ አልነበረም። ቶኒ ራያን የተባሉ ባለሀብት ከአጋሮቻቸው ጋር በ1984 መሠረቱት፤ በ1985 ከአየርላንዷ ዎተርፎርድ ወደ ለንደን ጋትዊክ 15 መቀመጫ ባላት ትንሽ አውሮፕላን መብረር ጀመረ። ካቢኗ ከማነሷ የተነሣ የመጀመሪያዎቹ አስተናጋጆች ቁመታቸው ከአንድ ሜትር ከ57 እንዳይበልጥ ተመርጠው ነበር። ኩባንያው ኪሳራ ላይ እያለ የሒሳብ ባለሙያው ማይክል ኦሊሪ መጡ። አሜሪካ ሄደው ሳውዝዌስት የተባለውን አየር መንገድ አሠራር አዩ፦ አንድ ዓይነት አውሮፕላን፣ ፈጣን መመላለሻ፣ ነፃ ምግብ የለም። ይህን ይዘው ተመለሱ፤ በ1994 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። አንዱን ነገር ግን እዚያው ትተውት መጡ። ሳውዝዌስት በአሜሪካ አየር መንገዶች ውስጥ ሠራተኛው በማኅበር ከተደራጀባቸው ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ርካሽ ትኬትና የሠራተኛ ማኅበር አብረው እንደሚኖሩ የሚያሳየው ምሳሌ የተገኘው ከራሱ ከአርአያው ቤት ነበር።

ከዚያ የአውሮፓ ሰማይ ተከፈተ። ከ1993 ጀምሮ የአንድ የኅብረቱ አባል አገር አየር መንገድ በሌሎች አባል አገሮች መካከል በነፃነት መብረር ቻለ፤ በ1997 ደግሞ በሌላ አገር የውስጥ መስመር ጭምር። የሠራተኛ ሕጉ ግን በየአገሩ ቀረ። አውሮፕላኑ የአውሮፓ ሆነ፣ የሥራ ውሉ የአየርላንድ። ራያንኤር በዚህ ክፍተት ገባበት ማለት ወቀሳ ላይሆን ይችላል፤ ክፍተቱን የተዉት ሕግ አውጪዎቹ ናቸው።

ውሉ ላይ ደግሞ ሌላ ስም አለ። ብዙዎቹ አስተናጋጆች የቀጠራቸው ራያንኤር ሳይሆን ክሩሊንክ ወይም ወርክፎርስ ኢንተርናሽናል የተባሉ የአየርላንድ ኤጀንሲዎች ነበሩ። ዩኒፎርሙ የራያንኤር፣ ደመወዙ የኤጀንሲው። በ2013 የብሪታንያ ፓርላማ አባል ሉሲያና በርገር አንዱን ውል አደባባይ አወጡት። ለሥልጠና 1,800 ፓውንድ ያህል፣ ለዩኒፎርም 360 ፓውንድ ከሠራተኛዋ ይቆረጣል። ክፍያ ለበረራ ሰዓት ብቻ ነው። በዓመት እስከ ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንድትወጣ ልትገደድ ትችላለች። ኤጀንሲ ሲባል የእኛ አንባቢ ወደ ቤሩትና ሪያድ የሚላኩ እህቶቻችንን ማስታወሱ አይቀርም። የእነሱ ይብሳል፣ ፓስፖርት ቀምቶ ቤት መቆለፍ እዚህ የለም። የሒሳቡ ቅደም ተከተል ግን አንድ ነው፦ ሠራተኛዋ አንድ ሳንቲም ሳታገኝ ባለዕዳ ሆና ትጀምራለች፤ ባለዕዳ ደግሞ አፉን አይከፍትም። በቅርብ ዓመታት የወጡት የቅጥር ማስታወቂያዎች ሥልጠናው ነፃ ነው ይላሉ። ይህ ለውጥ ከቸርነት የመጣ አይመስለኝም፤ ሰው መቅጠር ስለከበደ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ስንጥቅ የታየው ቤልጅየም ውስጥ፣ ሻርለሯ ላይ ነው። እዚያ ቤዝ የተመደቡ ስድስት የፖርቱጋል፣ የስፔንና የቤልጅየም ዜጎች ኤጀንሲውንና አየር መንገዱን ሞንስ በሚገኘው የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት ከሰሱ። ውላቸው ክርክር የሚታየው በአየርላንድ ፍርድ ቤት ነው ይላል። አውሮፕላኑ አየርላንድ ስለተመዘገበ ሥራው አየርላንድ ውስጥ እንደተሠራ ይቆጠራል ይላል። ደመወዛቸው አየርላንድ ባለ የባንክ ሒሳብ ይገባል። እነሱ ግን የሚኖሩት ሻርለሯ፣ ሥራ የሚጀምሩት ሻርለሯ፣ የሚጨርሱት ሻርለሯ። በሴፕቴምበር 14 ቀን 2017 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሠራተኛው በተለምዶ ሥራውን ከሚጀምርበት ቦታ ፍርድ ቤት መክሰስ እንደሚችል፣ ይህንን ለመለየትም ቤዙ ከፍተኛ ክብደት እንዳለው ወሰነ። የአውሮፕላኑ ዜግነት የሠራተኛው የሥራ ቦታ አይሆንም አለ። ይህ ለሕግ ባለሙያ ቴክኒካዊ ነገር ነው። ለአንዲት የ23 ዓመት ልጅ ግን በማታውቀው አገር በእንግሊዝኛ ጠበቃ ከመቅጠርና በአውቶቡስ ሄዶ ከመክሰስ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

በዚያው ወር አየር መንገዱ ራሱ ወጥመድ ውስጥ ገባ። የፓይለቶች የፈቃድ መርሐ ግብር ተዛብቶ ከ2,000 በላይ በረራዎች ተሰረዙ፤ ጥቂት ቆይቶ ለብርዱ ወራት የታቀዱ 18,000 በረራዎች ተከተሉ። ፓይለት እጥረት ባለበት ዘመን ፓይለቱ ጉልበት አለው። ገና ሲቃረብ የአድማ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ለ32 ዓመት ማኅበር አልቀበልም ያለው ኩባንያ በዲሴምበር 15 ቀን 2017 ለመደራደር ፈቃደኛ መሆኑን አስታወቀ። አስተናጋጆቹ በፓይለቶቹ በተከፈተው በር ገቡ። በጁላይ 2018 ከብዙ አገሮች የመጡ ተወካዮች ደብሊን ተሰብስበው 34 ጥያቄዎች ያሉበት ሰነድ አወጡ። በአካባቢው ሕግ የሚገዛ ውል፣ የኤጀንሲ ሠራተኛ በቀጥታ መቀጠር፣ የተረጋገጠ ወርኃዊ ገቢ፣ የሕመም ክፍያ። በዚያው ወር 25 እና 26 በስፔን፣ በፖርቱጋልና በቤልጅየም በተደረገው አድማ 600 በረራዎች ተሰረዙ።

በኦክቶበር 2018 ከማላጋ የወጣ አንድ ፎቶ ዓለምን ዞረ። በማዕበል ምክንያት ወደ ፖርቶ መመለስ ያቃታቸው 24 የበረራ ሠራተኞች የከተማው ሆቴሎች ሞልተው በአውሮፕላን ማረፊያው የሠራተኞች ክፍል አደሩ ተባለ፤ ፎቶው ላይ ስድስቱ በዩኒፎርማቸው ወለል ላይ ተጋድመው ይታያሉ። አየር መንገዱ የካሜራ ምስል አውጥቶ፣ ሠራተኞቹ ለፎቶው ብለው እንደተጋደሙና ወዲያው እንደተነሡ አሳየ። ስድስቱም ተባረሩ። ፎቶው የተቀነባበረ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም ሌሊቱ አልተቀነባበረም። 24 ሰዎች አልጋ እንዳልነበራቸው፣ ወደ እንግዳ ማረፊያ ሳሎን እስኪዛወሩ ድረስ እዚያች ክፍል እንደቆዩ ኩባንያው ራሱ አልካደም። እኔን የሚያስገርመኝ ሰዎቹ ፎቶ ማስመሰላቸው ሳይሆን፣ ሳያስመስሉ ቢናገሩ ማን ይሰማቸው ነበር የሚለው ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አስተናጋጁን ዝም የሚያሰኘው የቤዝ መዘጋት ነው። በጁላይ 2015 የዴንማርክ የሥራ ፍርድ ቤት ማኅበራት በራያንኤር ላይ አድማ መምታት እንደሚችሉ፣ ሻንጣ ጫኙና ነዳጅ ቀጂውም በድጋፍ ሥራ ሊያቆም እንደሚችል ፈረደ። አየር መንገዱ በሳምንታት ውስጥ የኮፐንሃገንና የቢሉንድ ቤዞቹን ዘጋ። ወደ ኮፐንሃገን መብረሩን አላቆመም፤ አውሮፕላኑን ከሌላ አገር ቤዝ እያስነሣ ይመላለሳል። የኮፐንሃገን ከንቲባ ፍራንክ የንሰን የከተማው ሠራተኞች ለመንግሥት ሥራ በራያንኤር እንዳይሄዱ ሲያግዱ፣ ኩባንያው ከንቲባውን በፈረንሳይዋ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ሥዕል አስመስሎ ማስታወቂያ አወጣባቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2018 በስድስት አገሮች አድማ ተመታ፤ በሦስተኛው ቀን ኩባንያው የኔዘርላንዷን አይንድሆቨንና የጀርመኗን ብሬመን ቤዞች እንደሚዘጋ አስታወቀ። ፋብሪካ ሲዘጋ ማሽኑን መንቀል ወራት ይፈጃል። አውሮፕላን ግን ዛሬ ማታ ተነሥቶ ነገ ጠዋት ሌላ አገር ሥራ ይጀምራል። ልጅ ትምህርት ቤት ያስገባች፣ ኪራይ የተፈራረመች እናት እንዲያ መነሣት አትችልም።

እንዲህም ሆኖ ለውጥ መጥቷል። ጀርመን ውስጥ ለዘመናት የበረራ ሠራተኞች የሠራተኞች ምክር ቤት የማቋቋም መብት በኅብረት ስምምነት ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ ስምምነት ከሌለ ምክር ቤትም የለም። የራያንኤር አድማ የቀሰቀሰው ክርክር ፓርላማውን አንቀሳቅሶ በ2018 መጨረሻ ሕጉ ተቀየረ፤ ጋዜጦቹም «የራያንኤር ሕግ» አሉት። በዚያው ዓመት ከጣሊያን፣ ከብሪታንያና ከጀርመን ማኅበራት ጋር ውሎች ተፈርመዋል። ኩባንያው በየአገሩ ሕግ የሚገዛ ውል መስጠት ጀመረ። ከዚያ የኮቪድ ወረርሽኝ መጣ፣ አውሮፕላኑ ቆመ፣ አስተናጋጆቹ 10 በመቶ የደመወዝ ቅነሳ ተቀበሉ። በ2022 መንገደኛው ሲመለስ የተቀነሰው ደመወዝ ወዲያው አልተመለሰም። በዚያ ወቅት በስፔን፣ በቤልጅየም፣ በፖርቱጋል፣ በፈረንሳይና በጣሊያን የተመታው አድማ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። የስፔኖቹ እስከ ጃንዋሪ 2023 ዘልቋል።

የስፔን ነገር በዚህ አላበቃም። ኡሶ የተባለው ማኅበር አድማውን ሲመራ፣ አየር መንገዱ ኮሚሲዮኔስ ኦብሬራስ ከተባለው ሌላ ማኅበር ጋር ተስማምቶ ደመወዝ ጨመረ። ኡሶ ስምምነቱን በፍርድ ቤት ተቃውሞ ረታ። በሜይ 2025 አየር መንገዱ ፍርዱን ምክንያት አድርጎ የኡሶ አባላት የሆኑ አስተናጋጆችን የተጨመረላቸውን ደመወዝ መልሱ አለ፤ አንዳንዶቹ የተጠየቁት እስከ 3,000 ዩሮ ነው። በሕግ ፊት ሊያስኬድ ይችላል። በዚያው ወር መጨረሻ ግን የኩባንያው አክሲዮን ከ21 ዩሮ በላይ ለ28 ቀናት በመቆየቱ፣ ማይክል ኦሊሪ ከ100 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የሚያወጣ የአክሲዮን ጉርሻ የማግኘት መስፈርት አሟሉ፤ የሚቀራቸው እስከ ጁላይ 2028 በሥራ ላይ መቆየት ብቻ ነው። ሁለቱ ዜናዎች በአንድ ወር መውጣታቸው አጋጣሚ ነው። ደመወዝ የማስመለሱን ጥያቄ ማስቀረት የሚችል ሰው ግን ነበረ።

የብሎክ ሰዓት ነገር የርካሽ አየር መንገድ ብቻ ችግር እንዳልሆነም መናገር ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ለመንገደኛ ማሳፈሪያ ጊዜ መክፈል የጀመረው የመጀመሪያው ትልቅ አየር መንገድ ዴልታ ነው፤ እሱም በ2022፣ በግማሽ ዋጋ። በኦገስት 2025 ከ10,000 በላይ የኤር ካናዳ አስተናጋጆች ሥራ ያቆሙበት ዋና ጥያቄ መሬት ላይ የሚሠራው ሥራ ይከፈለን የሚል ነበር። ልዩነቱ፣ በነባሮቹ አየር መንገዶች ያልተከፈለውን ሰዓት የሚያካክስ ጠንካራ መሠረታዊ ደመወዝ፣ አበልና ጡረታ አብሮ ኖሯል። ርካሹ አየር መንገድ ማካካሻውን አውልቆ ብሎክ ሰዓቱን ብቻውን አቆመው።

ታዲያ መንገደኛው ምን ያድርግ? አትሳፈሩ የሚል ምክር አልሰጥም፤ 46 ዩሮ ከዘመድ ለቅሶ የሚያደርስ ከሆነ ሰው ይሳፈራል። ማወቅ ያለብን ግን አንድ ነገር አለ። አድማ ሲመታ ብዙ ሰው በአስተናጋጆቹ ይናደዳል፣ ገንዘቤ ቀረ ብሎም ወደ ቤቱ ይመለሳል። አይቀርም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በማርች 2021 በአንድ የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ ጉዳይ እንደወሰነው፣ የአየር መንገዱ የራሱ ሠራተኞች ለደመወዝና ለሥራ ሁኔታ በሕጋዊ መንገድ የሚመቱት አድማ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ በረራዎ ሊነሣ ከ14 ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀረው በእንዲህ ያለ አድማ ከተሰረዘ፣ የትኬቱ ገንዘብ ተመላሽ ወይም ሌላ በረራ ከማግኘትዎ በላይ በአብዛኛው ካሣ የመጠየቅ መብት አለዎት፦ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ለሆነ ጉዞ 250 ዩሮ፣ ከዚያ በላይ በአውሮፓ ውስጥ ከሆነ 400 ዩሮ። ትኬትዎንና የስረዛ መልእክቱን ይያዙ፣ ጥያቄዎን ለራሱ ለአየር መንገዱ በጽሑፍ ያቅርቡ፣ የመጀመሪያው መልስ «አይመለከተንም» ቢሆንም አይተዉት። ከአስተናጋጇ ጋር አይጣሉ፤ ሒሳቡ ያለው ከአሠሪዋ ጋር ነው።